ከማዕድ የተረፈውን ዳግመኛ ማዕድ ማድረግ



በዚህ ዕትም የምናቀርበው ትምህርት በዐውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ ከማይነሣ ስፍራ፣ ከማዕድ ቤት፣ የተወሰደ ነው። ከማዕድ የተረፈ እንጀራ፣ ወጥና ዳቦ ሳይበላሽ እንዴት ዳግመኛ ማዕድ ይሆናል? ለማንስ ይቀርባል? ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳልና ከእርሱ እንጀምራለን።

በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 እንደምናነበው ሩት በቦዔዝ እርሻ ከአጫጆቹ ጋር ተቀምጣ የቀረበላትን የተጠበሰ እሸት ከበላች በኋላ ተርፏት ነበር። ያን ትርፍ በመንገድ አልጣለችውም፤ ለማታውቀው ሰውም አልሰጠችውም። በዚያው ዕለት ማታ ከቃረመችው ገብስ ጋር ይዛው ገብታ ለአማቷ ለኑኃሚን አቀረበችላት። ኑኃሚን የበላችው ሩት ራሷ የበላችውን ነው፤ የበላችውም በዕለቱ ነው። ትርፍ ምግብ ክብሩን ጠብቆ ለሰው የሚደርስበትን መንገድ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምንባብ አናውቅም።

የእኛን ልማድ ከዚህ ጋር እናስተያየው። የዝክር፣ የማኅበር ወይም የተዝካር ድግስ ሲያበቃ የተረፈው እንጀራ፣ ወጥና ዳቦ በአንድ ፌስታል ተደባልቆ ይታሰራል። እስከ ማግስቱ ይቆይና ሽታው ሲለወጥ በቤተ ክርስቲያን በር ለተቀመጡ ነዳያን ይታደላል። በአዲስ አበባ ከሆቴሎችና ከካምፖች ተሰብስቦ ለድኾች የሚሸጠው ድብልቅ ትርፍራፊ «ቡሌ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ቡሌ የሚሸጠው ሰው ቢያንስ ምጽዋት ነው አላለም። እኛ ግን ለራሳችን ልጆች የማናቀርበውን ሰጥተን ምጽዋት ብለን ስንጠራው ቃሉን እናሳንሰዋለን።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን ከአምስቱ የገብስ እንጀራ የተረፈው ቍርስራሽ እንዲሰበሰብ አዝዟል፤ 12 መሶብም ሞልቷል። ሰባክያን ስለ መሶቦቹ ቍጥር ብዙ እንናገራለን፤ ስለ ትእዛዙ ግን ጥቂት ነው የምንናገረው። ትርፉ የተሰበሰበው ሕዝቡ እንደጠገበ ወዲያው ነው፤ ሰብሳቢዎቹም ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደባከነ፣ ከዚህም 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤቶች እንደወጣ ገልጿል። ጉዳዩ የባለጠጎች አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን።

አሁን ወደ ምጣዱ እንሂድ። በከተማ ያሉ ወጣት እናቶች የማዕድ ቤት ትምህርት ከእናቶቻቸው ብቻ ሳይሆን ከቴሌቪዥንም እየቀሰሙ ነው፤ በኢቢኤስ የታየውን «ጆርዳና ኩሽና»ን የማያውቅ ተመልካች ጥቂት ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1994 «ሬዲ ስቴዲ ኩክ» የተባለ ዝግጅት ጀምሮ ነበር። ተሳታፊው በአምስት ፓውንድ ገደማ የገዛውን አስቤዛ በዘንቢል ይዞ ይቀርባል፤ የምግብ ባለሙያው ዘንቢሉን ገልብጦ ባገኘው ነገር በ20 ደቂቃ ውስጥ ምግብ ይሠራል። ከእነዚህ ዝግጅቶች የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሳት ሳይነድ በፊት ያለውን ሁሉ በፊት ለፊት ደርድሮ ማየት። የማንማረውም አለ። በስቱዲዮ የጎደለ ነገር ከመደርደሪያ ይወጣል፤ በአንድ የከሰል ምድጃ የምታበስል እናት ግን ለተረፈው ምግብ ማጣፈጫ ፍለጋ ገበያ ከወጣች ትርፉ ኪሳራ ሆነባት።

ይህን ለማየት የሐረር ሸዋ በር መልካም ትምህርት ቤት ነው። ሸዋ በር ከጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ወደ ሸዋ ከሚወስደው መንገድ ነው። ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ይሉታል። በበሩ አጠገብ ባለው ገበያ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በትንንሽ መደብ ይሸጣል። አመሻሽ ላይ የቀረው ለስላሳ ቲማቲም ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ለሰላጣ ባይሆንም ለቁሌት ይሆናል። በአቅራቢያው ቆርቆሮ ቀጥቃጮች የወዳደቀ ብረትና ጣሳ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ሲያደርጉ ይታያል፤ እኛ በወጥ ልናደርገው የፈለግነውን እነርሱ በብረት ከጀመሩት ቆይተዋል። (ሐረር ለአጥንትና ለሥጋ ትርፍራፊ የራሷ ጠራጊ እንዳላት፣ እርሱም ጅብ እንደሆነ እናውቃለን። ለእንጀራው ግን ሌላ ኃላፊ ያስፈልጋል።)

በሐረርጌ የማሽላ እንጀራ በብዛት ይበላል። ከጤፍ እንጀራ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ይሰባበራልም። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ለመጠቅለል እምቢ ያለውን እንጀራ ፍርፍር ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነው። ለሁለት እንጀራ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ በርበሬና ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። ቁሌቱ በደንብ ሳይበስል ውኃ መጨመር የብዙዎች ጥፋት ነው፤ እንጀራው የጥሬ በርበሬ ጣዕም ይዞ ይቀራል። በጾም ቀን እሳት ሳይነድ ከሱፍ ወይም ከተልባ ውኃ ጋር በቃሪያና በሽንኩርት መፈትፈት ይቻላል። ሐረሪዎች ከአብሽ የሚሠሩት ሑልበት መረቅ ደግሞ ጥቂት አብሽ በሚገባ ተመትቶ ሲኩረፈረፍ ለብዙ ሰው ማባያ እንደሚሆን ያስተምረናል።

የተረፈ የምስር ወጥ በእሳት ላይ ውኃው እስኪመጥጥ ቢማሰል የሳምቡሳ ውስጥ ይሆናል። ለሊጡ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት ይበቃል። ወጡ ካልደረቀ ግን ሳምቡሳው በዘይቱ ውስጥ ይፈነዳልና ችኮላ አያስፈልግም። የጾም ምግብ በሐረር ሌላም ጥቅም አለው። ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ የምስር ሳምቡሳና የሽሮ ወጥ ግን ገና ትኩስ ሳለ በሁለቱም ደጅ ይገባል።

ድርቆሽን የማያውቅ አባት የለም፤ ከበሶ ጋር የመንገደኛና የዘማች ስንቅ ነበር። የሚበላሸው በመዘግየት ነው። እንጀራው ሻጋታ ካየ በኋላ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ድርቆሽ አይባልም። ከተጋገረ በሁለተኛው ቀን በንጹሕ ሰፌድ ላይ ቆራርሶ፣ ከአቧራና ከዝንብ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ሲሰብሩት ቀጭ እስኪል ማድረቅ፤ ከዚያም እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ማኖር ይገባል። እንዲህ የደረቀ ለወራት ይቆያል።

የእኛ ምእመናን ትልቁ ችግር ግን ረቡዕና ዓርብ ነው። ማክሰኞ ማታ የተረፈ የሥጋ ወጥ ረቡዕ አይበላም፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሐሙስ እስኪደርስ ቢጠበቅ ለጤና ያሰጋል። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ይህ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ይመጣል። መፍትሔው ከድስቱ በፊት ነው። ቁሌቱን በዘይት ሠርተን ቅቤና ሥጋ ሳይገባበት እኩሌታውን በጾም ዕቃ እንቀንስ፤ ረቡዕ ጠዋት ፍርፍር ወይም ሽሮ ይወጣዋል። ሥጋው በተቀረው እኩሌታ፣ ለዚያች ማታ በሚበቃ መጠን ብቻ ይሠራ። መናው በአዘቦት ቀን ሲያድር እንደተላ፣ ለሰንበት የተቀመጠው ግን እንዳልተበላሸ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 ተጽፏል፤ ሲለቀም ጀምሮ የነገው ቀን ታስቦ ነበርና።

ስለ ጤና ጥቂት እናክል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 7 የስእለትና የፈቃድ መሥዋዕት ሥጋ እስከ ማግስቱ እንዲበላ፣ እስከ ሦስተኛው ቀን የቆየው ግን በእሳት እንዲቃጠል ያዝዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የበሰለ ምግብ በቤት ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ሲሞቅም እስከ ውስጡ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዲግል ይመክራል። ማንተክተክ ሁሉን ያድናል ብለን አናስተምር፤ ውሎ ባደረ ሩዝና ሥጋ ውስጥ የተፈጠረ መርዝ በመፍላት የማይጠፋበት ጊዜ አለ። የሻገተ እንጀራም ጠርዙ ተቆርጦ አይድንም፤ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው አልፎ ይገባል። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 በረኃብ ዘመን ከነቢያት ልጆች አንዱ የማያውቀውን የዱር ቅል ከትፎ በድስት ጨመረ፤ ኤልሳዕም በዱቄት ፈወሰው። በሰንበቴ ቤታችን የኤልሳዕ ዱቄት የለምና የተጠራጠርነውን እንድፋ።

ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየድግሱ ሁለት ሰዎች ይመደቡ። ጸሎተ ማዕድ ተደርጎ ሕዝቡ ሲነሣ፣ እጅ ያልነካውን እንጀራና ዳቦ በትሪ ከቀረው ለይተው ያንሡ። ትኩስ ሆኖ የሚበላው በዚያው ሰዓት ለነዳያን በወጭትና በሣህን ይቅረብ፤ የቀረው እንጀራ በማግስቱ ይሰጣ። ጸሐፊውም በመዝገቡ ስንት እንጀራ እንደተጋገረና ስንት እንደተረፈ ይጻፍ፤ ለሚቀጥለው ዝክር ሊጥ ሳይቦካ በፊት ቍጥሩ ለእናቶች ይነበብ። ድርቆሹ ሲበቃ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፍርፍር ተሠርቶ በሰንበቴ ይቅረብ፤ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበርና በበር የሚቀመጡት ነዳያን ከአንድ ትሪ ይቍረሱ።