በጨርቅ ላይ የበቀለ ጫካ

በፈረንጅ ገና ሰሞን «ናትክራከር» የተባለውን ባሌት ያየ አለ? ባሌት ያለ ንግግር፣ በጭፈራና በሙዚቃ የሚነገር ታሪክ ነው። «ናትክራከር» መጀመሪያ የታየው በ1892 እ.ኤ.አ. በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ነው። በሚኒያፖሊስ ደግሞ ሎይስ ሃውልተን የተባሉ የዳንስ አዘጋጅ በ1964 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን አቀረቡ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት በየገናው ታይቷል።

በተረቱ ውስጥ አንዲት ልጅ ከቤቷ ተነስታ በረዶ ወደሚጥልበት ጫካ፣ ቀጥላም ወደ ጣፋጭ አገር ትሄዳለች። መድረኩ ግን ከቦታው አይነቃነቅም! ታዲያ ጫካው ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከላይ ተሰቅሎ የነበረ፣ የተሳለ ትልቅ መጋረጃ ነው የሚወርደው።

እንዴት ይሳላል?

1. ሠዓሊው በትንሽ ወረቀት ላይ ንድፍ ያወጣል። ብዙ ጊዜ በንድፉ ላይ ያለው ግማሽ ኢንች መጋረጃው ላይ 1 ጫማ ይሆናል። (ይህ ጫማ እግራችሁ ላይ የምታደርጉት ሳይሆን ፉት የምትሉት መለኪያ ነው።)

2. ንድፉን በእርሳስ እኩል ካሬዎች ይከፋፍለዋል። በጨርቁም ላይ ያንኑ ያህል ትልልቅ ካሬ ያሰምርና አንድ በአንድ ይገለብጣል።

3. ጨርቁ እንደ አቡጀዲ ያለ ጥጥ ነው። ወለል ላይ ተወጥሮ ስታርች ይቀባል። ሲደርቅ ሠዓሊው ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ፣ ቆሞ እየተራመደ ይስላል።

4. የሩቁ ዛፍ ፈዘዝ፣ የቅርቡ ጠቆር ይደረጋል። ተጠግታችሁ ብታዩት ዝብርቅርቅ ቀለም ነው፤ ከወንበራችሁ ስታዩት ግን ጫካ!

ጨርቅ ላይ መሳል ለእኛም አዲስ አይደለም። በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ከምናያቸው የግድግዳ ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው።

በከተማችን ይህ ትልቅ ሙያ ነበር። ትዊን ሲቲ ሲኒክ የተባለ ድርጅት ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በሚኒያፖሊስ መጋረጃ እየሳለ ለቲያትር ቤቶች ይሸጥ ነበር። ትልልቅ መጋረጃዎች ያረጃሉ፣ ይቀደዳሉ፣ ይጣላሉ። ከድርጅቱ ትንንሽ ንድፎች ግን ብዙዎቹ ተርፈው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ስለዚህ ልጆች፣ ንድፋችሁን አትጣሉ!

የቤት ሥራ

ሀ. ንድፉ 20 ኢንች ስፋት ካለው መጋረጃው ስንት ጫማ ይሆናል? (መልስ፦ 40)

ለ. ከቤተሰባችሁ የሰማችሁትን አንድ ተረት ምረጡና የመድረኩን ንድፍ ሳሉ።

ወላጆች፣ ተረቱን በአማርኛ ንገሯቸው። «ዛፍ ነበረ» ብላችሁ አትለፉ፤ ዋርካ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ቤቱስ የሣር ክዳን ነው ወይስ ቆርቆሮ? ብዙዎቹ ልጆቻችን ያንን አገር አላዩትም። የሚስሉት እናንተ በነገራችኋቸው ልክ ነው።