ትልቁ በሬ ለምን ከጥቃቅን ሕዋሳት ተሠራ?

ሰውም፣ በሬም፣ የጤፍ አገዳም የተሠሩት ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው። አብዛኛው ሕዋስ በዓይን አይታይም። በ1 ሚሊሜትር ላይ ከ50 እስከ 100 የሚሆኑት በተርታ ይደረደራሉ። በ1665 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ ቡሽ በስሱ ቆርጦ በማጉያ መሣሪያ ቢያየው፣ ልክ እንደ ማር ሠፈፍ ተከፋፍሎ አገኘው።

ታዲያ ጥጃ አድጎ በሬ ሲሆን ሕዋሶቹ ይተልቃሉን? ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል። ግን በአብዛኛው የሚሆነው ሌላ ነው። አንዱ ሕዋስ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ እንዲህ እያሉ ይበዛሉ። የዝሆን ጉበት ሕዋስና የአይጥ ጉበት ሕዋስ በመጠን ብዙም አይለያዩም። ዝሆን የሚበልጠው በቁጥር ነው። በአንድ ሰው ውስጥ ወደ 30 ትሪሊዮን ሕዋስ እንዳለ ይገመታል።

ለምን አንድ ትልቅ ሕዋስ አልሆነም? እስቲ ሁለት ድስት ጣዱ። በአንዱ ትልቅ ድንች እንዳለ ጨምሩ። በሌላው ያንኑ የሚያህል ድንች ከትፋችሁ ጨምሩ። የቱ ቀድሞ ይበስላል? የተከተፈው ነው፤ እናቶች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሙቀት የሚገባው በውጭ ፊቱ በኩል ስለሆነ ነው። ሕዋስም ምግብና አየር የሚያስገባው፣ ቆሻሻውንም የሚያወጣው በሽፋኑ በኩል ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ከፍታውም 4 ጣት የሆነ የጭቃ ሣጥን ሥሩ። ስድስት ፊት አለው። የአንዱ ፊት ስፋት 4 ጊዜ 4፣ 16 ነው። ስድስቱ ሲደመር 96 ይሆናል። ይህንኑ ጭቃ 1 ጣት በ1 ጣት አድርጋችሁ ቁረጡት። 64 ትናንሽ ሣጥን ይወጣዋል። እያንዳንዱ 6 ፊት ስላለው፣ 64 ጊዜ 6፣ 384 ነው። ጭቃው አልጨመረም፤ ፊቱ ግን አራት እጥፍ ሆነ! በተቃራኒው፣ አንድ ሕዋስ በሁሉም በኩል እጥፍ ቢያድግ ሆዱ 8 እጥፍ፣ አፉ ግን 4 እጥፍ ብቻ ይሆናል። በረሀብ ያልቃል ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ሳታማስሉ ውኃ ውስጥ ጨው ብትጨምሩ ቀስ ብሎ ነው የሚዳረሰው። መንገዱ 10 እጥፍ ቢረዝም ጊዜው 100 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ እንስሳ የደም ሥር አለው። የደም ሥር እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ ከየሕዋሱ አጠገብ ያደርሳል፣ የቀረችውን አጭር መንገድ ምግቡ ራሱ ይሄዳታል።

የዶሮ እንቁላል አስኳልስ አንድ ሕዋስ አይደለም ወይ? ነው። ግን አብዛኛው የተከማቸ ስንቅ ነው፤ ጫጩት የሚጀምረው ከላዩ ካለችው ነጭ ነጥብ ነው።

መብዛት ሌላ ጥቅም አለው። እሾህ ሲወጋችሁ ጥቂት ሕዋሳት ይሞታሉ፣ ጎረቤቶቻቸው እየተከፈሉ ቦታውን ይሞላሉ። አንድ ስልቻ ብንሆን ኖሮ በአንድ እሾህ ፈስሰን እናልቅ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ተሐዋስ ራሱ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል፤ አየር የማይደርስበት ጥልቅ ቁስል ይመቸዋል። መርዙ ነርቭን ይይዛል፣ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቁስል ላይ እበት ወይም አፈር አታድርጉ። በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ ጥልቅ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እናቶቼ፣ በልጅነቴ ደፍሬ ልናገርና፣ የሕፃን እትብት ላይም እበት አይደረግ፤ የሚቆረጥበትም ምላጭ ንጹሕ ይሁን። እርጉዝ ሴት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ብትወስድ እሷም ልጇም ይጠበቃሉ።

መልመጃ፦ በሁሉም በኩል 3 ጣት የሆነ የጭቃ ሣጥን የፊቱ ስፋት በሙሉ ስንት ነው? ወደ 1 ጣት ብትቆርጡት ስንት ሣጥን ይወጣዋል? የፊታቸውስ ስፋት ሲደመር ስንት ይሆናል? በደብተራችሁ ሠርታችሁ ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩ።