ትራክተር ብንከራይ ይሻላል ወይስ ብንገዛ?

የጅጅጋ ሜዳ ሰፊና ለጥ ያለ ነው። ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ ይበቅልበታል። መሬቱ ስለሚመች ከበሬ ሌላ በኪራይ ትራክተርም እናርሳለን። ታዲያ ጥሩ ምርት ባገኘንበት ዓመት «ለሰው ከምንከፍል ለምን የራሳችንን አንገዛም?» የሚል ሐሳብ ይመጣብናል። ከብት ሸጠን ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት ግን እስቲ ቁጭ ብለን እናስላ።

ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ 4 ሄክታር አለው እንበል። ትራክተሩ አንዱን ሄክታር በ2 ሰዓት ቢያርስ ለሁሉም 8 ሰዓት ይበቃዋል። በዲራም በከረንም ዝናብ ቢያርስ በዓመት 16 ሰዓት ይሆናል። ይህ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ሌላውን ጊዜ ትራክተሩ ቆሞ ይከርማል። ቆሞም ያስወጣል፤ ጎማው በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ባትሪው ይሞታል። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ከሆነ መከራየት ይሻላል።

ኪራይም ችግር አለው። ዝናብ ሲጥል ሁሉም ሰው ትራክተር የሚፈልገው በአንድ ጊዜ ነው። ተራችን እስኪደርስ የመሬቱ እርጥበት ይሄዳል። ዘግይቶ የተዘራ ማሽላ ደግሞ ሳያፈራ ዝናቡ ሊያቆምበት ይችላል። ያን ጊዜ የሚጎድለው የቤተሰብ እህል ነው።

ሦስተኛው መንገድ በጋራ መግዛት ነው። 20 ቤተሰቦች ቢተባበሩ ሥራው በዓመት 320 ሰዓት ይደርሳል፤ ወጪውም ይከፋፈላል። ተራ መጠበቅ ግን አይቀርም። ለአንድ የዘር ወቅት 160 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በቀን 8 ሰዓት ቢታረስ 20 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ማን ቀድሞ እንደሚያርስ ከግዢው በፊት በጽሑፍ እንወስን። ዘንድሮ መጨረሻ የሆነው ለከርሞ መጀመሪያ ይሁን። ለነዳጅ፣ ለመለዋወጫና ለሾፌር የሚሆን ገንዘብም እናስቀምጥ።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችል፣ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 የማምረቻ መሣሪያን ተከራይቶ በመጨረሻ የራስ የማድረግን መንገድ ከፍቷል። ብድር ስንጠይቅም ወለድ ያለበት ወይም የሌለበት መሆኑን፣ በጠቅላላው ስንት እንደምንከፍል አስቀድመን እንጠይቅ።

የምንከራይ ከሆነ ውሉን እናጥራ። በሰዓት ከሆነ ሾፌሩ ቢዘገይ የምንጎዳው እኛ ነን፤ ሰዓቱን እንመዝግብ። በመሬት ስፋት ከሆነ ለመቸኮል ብሎ ላይ ላዩን ሊያርስ ይችላል፤ ጥልቀቱን እየወረድን እንለካ። ነዳጁ የማን እንደሆነም አስቀድመን እንነጋገር። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ጭምር ነው።

ጥያቄዎች
1. የእናንተ መሬት በዓመት ስንት ሰዓት ትራክተር ይፈልጋል?
2. በሰዓትና በመሬት ስፋት በመከራየት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. በጋራ ብትገዙ የተራውን ደንብ እንዴት ትጽፉታላችሁ? ጽፋችሁ ተወያዩበት።