ስሙ ሳይጻፍ የተመሰገነው መርከበኛ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን መቃብሩ ባሕር የሆነ፥ ስሙንም አለቆቹ ሳይጠሩት ያለፉት ሰው እንደ ምን ይታሰባል? ይህን ጥያቄ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሞተው በጥቁሩ አሜሪካዊ መርከበኛ በዶሪስ ሚለር ታሪክ ለመመርመር አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሚለር በ1919 በቴክሳስ፥ በዌኮ ከተማ አቅራቢያ፥ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1939 በባሕር ኃይል ገባ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለአዲስ ገቢ ጥቁሮች የከፈተው በር አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም የመኮንኖችን ምግብ ማቅረብ፥ አልጋቸውን ማንጠፍና ልብሳቸውን መሰብሰብ ነው። ስለዚህ ሚለር «ዌስት ቨርጂኒያ» በተባለችው የጦር መርከብ ላይ አሳላፊ ሆነ።

እሑድ ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጧት የጃፓን አውሮፕላኖች በሐዋይ የሚገኘውን የፐርል ሐርበርን ወደብ በድንገት መቱ። ሚለር የሚታጠብ ልብስ ሲሰበስብ የአደጋ ደወል ሰማ። ወደ ተመደበበት የጥይት ግምጃ ቤት ቢሮጥ ቶርፔዶ አፍርሶት አገኘው። የመርከቧ የቦክስ አሸናፊ፥ ጕልበተኛ ሰው ነበርና ቍስለኞችን ተሸከመ፤ በፍንጣሪ ተመትቶ ለሞት የተቃረበውን አዛዡን ካፒቴን ቤንየንን ከሌሎች ጋራ ሆኖ ወደ ተሻለ መጠለያ አዛወረ። ቀጥሎም ተምሮት የማያውቀውን ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዞ፥ ስፍራውን ልቀቅ እስኪባል ድረስ ተኰሰ። ስንት አውሮፕላን ጣለ ለሚለው ጥያቄ ወሬው ልዩ ልዩ ቍጥር ይሰጣል፤ የኒሻኑ ጽሑፍ ግን ቍጥር አይጠቅስም። እኛም ከጽሑፉ አናልፍም፤ ጀግንነቱ ጌጥ አይሻምና።

በ1942 መጀመሪያ የባሕር ኃይሉ የዚያን ዕለት ጀግኖች ሲያመሰግን፥ ከመካከላቸው አንዱን ስሙን ሳይጠራ «ጥቁር» ብሎ ብቻ አለፈው። የጥቁሮች ማኅበሮችና ጋዜጦች ግን ዝም አላሉም። ከነዚህም አንዱ፥ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ጄ. ኤ. ሮጀርስን ዘጋቢ አድርጎ ወደ አገራችን የላከው «ፒትስበርግ ኩሪየር» ነበር። የታሪክ ምሁሩ ሎረንስ ሬዲክም ከባሕር ኃይሉ ጋራ ተጻጽፎ በማርች ወር ስሙን ለሕዝብ አስታወቀ። ሜይ 27 ቀን 1942 አድሚራል ኒሚትዝ የባሕር ኃይል መስቀልን በሚለር ደረት ላይ አደረገለት። ይህን ኒሻን ሲቀበል ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ኒሻኑ ግን ከወጥ ቤት አላወጣውም። በ1943 መልኩ በምልመላ ሥዕል ላይ ታትሞ ሌሎችን ሲጠራ፥ እርሱ ራሱ «ሊስኮም ቤይ» በተባለች አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበር። ኖቬምበር 24 ቀን ንጋት ላይ፥ በጊልበርት ደሴቶች በማኪን አጠገብ፥ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታቻት። የቦምብ ግምጃ ቤቷ ፈንድቶ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሰጠመች፤ ከ640 በላይ ሰዎች ሞቱ። የ24 ዓመቱ ሚለር አስከሬኑ አልተገኘም። ወላጆቹም መርዶውን የሰሙት፥ ፐርል ሐርበር በተመታ ልክ በሁለተኛው ዓመት፥ ዲሴምበር 7 ቀን 1943 ነው።

በ1973 አንዲት የጦር መርከብ በስሙ አገልግሎት ጀመረች። በ2020 ደግሞ የባሕር ኃይሉ ወደ ፊት የሚሠራ ታላቅ አውሮፕላን ጫኝ መርከብ በስሙ እንደሚጠራ አስታወቀ። መኮንን ያልሆነ መርከበኛ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጠው ይህ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? የአባቶቻችን ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን ስም በራሱ ጊዜ ከመቃብር አይወጣም። የሚለርን ስም ያወጡት «ይህ ሰው ማን ነው?» ብለው የጠየቁና መልስ እስኪያገኙ ደብዳቤ የጻፉ ሰዎች ናቸው። ደግሞም ሙት ማክበር ሕያው ከመበደል ነጻ እንደማያወጣ አይተናል፤ መልኩን የሰቀሉት ሰዎች ከወጥ ቤት አላወጡትምና። ከመካከላችን የአድሚራሎችን ስም በቃሉ የሚያውቅ ብዙ ነው። ከእንግዲህ ግን በምናነበው ታሪክ ውስጥ «አንድ ወታደር»፥ «አንድ አሽከር»፥ «አንዲት ገረድ» የሚል ስናገኝ፥ ገጹን ከመግለጣችን በፊት ስሙን እንጠይቅ።