ኪራይ ቤት ውስጥ ማሲንቆ ለመለማመድ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሥራ መተከል ዞን ድባጤ አድርሶዎት፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ አንድ ክፍል ይዘው ማሲንቆ ለመማር ካሰቡ፣ ድምፅ ማፈኛ ከማበጀትዎ በፊት ቤቱን ይመርምሩ።

ቀና ብለው ኮርኒሱን ይዩ። በብዙ ሰርቪስ ቤቶች ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ የሁሉም ነው። ድምፁ በዚያ ተሻግሮ ጎረቤት ራስጌ ላይ ይወርዳል፤ በር መዝጋት ብዙም አይረዳም። ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው የደረሰ፣ ከተገኘም የዳር ክፍል ይምረጡ።

ማፈኛ ምን ይሠራል? ቫዮሊን ላይ የጎማ ወይም የብረት ማፈኛ ክሮቹ የተደገፉባትን እንጨት ይቆነጥጣል፤ እንጨቷ ስለምትከብድ ንዝረቱ ወደ ሳጥኑ ተዳክሞ ይደርሳል። ማሲንቆም ላይ ጭራው የተደገፈባት እንጨት ንዝረቱን ለቆዳው ትሰጣለች። ቀላል የልብስ መቆንጠጫ ያድርጉባት፤ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ከጀርባው ቆዳ ጋር ያስጠጉ። ቆዳው ላይ ፕላስተር አይለጥፉ።

ጉዳቱንም ይወቁት። ማሲንቆ ጭራው አንድ ነው፤ ጣት የሚጫንበት ሰሌዳ የለውም፤ የድምፁን ቦታ የሚያገኘው ጆሮ ነው። ማፈኛው ደግሞ ቀጫጭኑን ድምፅ አብዝቶ ይበላል። ሁልጊዜ በታፈነ ማሲንቆ የተለማመደ ሰው ደጋኑን መጫን ይለምዳል፤ ማፈኛው ሲወልቅ ድምፁ ይሻክርበታል። ስለዚህ ታፍኖ ጣትና ደጋን ያፍታቱ፤ እንደ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ያሉ ቅኝቶችን ሲለማመዱ ግን ያውልቁት።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያለ ማፈኛ መጫወት ይቻላል። እርጥበት ግን ቆዳውን ያላላል፤ ደረቅ ቦታ ይስቀሉት፣ ከከሰል ያርቁት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ወይም ሕፃን የምታስተኛ እናት ግድግዳ የሚጋሩዎት ከሆነ፣ የታፈነውም ድምፅ ይከብዳቸዋል። ግቢው ውስጥ ለቅሶ ካለ ጨርሶ አያንሱት፤ በሁዳዴ ጾምም ጎረቤትዎን ይጠይቁ። ማሲንቆ ሲባል መጠጥ ቤት ብቻ የሚታያቸው አከራይ ካጋጠሙዎት፣ በአዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ትምህርት መሆኑን በአክብሮት ይንገሯቸው። ይህን ሁሉ ቀብድ ሳይከፍሉ ይነጋገሩ። አከራዩ ካቅማሙ ሌላ ቤት ይፈልጉ።