አስቀድሞ ስም፣ ቀጥሎ ግሥ፤ በርቀት ስለ ተማርሁት የገጽ ንድፍ

በዚህ ዓመት ከመደበኛው ትምህርቴ ጎን ለጎን በርቀት የተማርሁትን አንድ ትምህርት በአጭሩ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ትምህርቱም ነገር ተኮር የገጽ ንድፍ ይባላል።

ገጽ የምንለው ሰውና መሣሪያ የሚነጋገሩበትን የስልክ ወይም የኮምፒዩተር መስኮት ነው። አሠራሩም ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ተጠቃሚው አስቀድሞ ሥራውን ይመርጣል፤ የሚሠራበትን ነገር ከዚያ በኋላ ይናገራል። ለምሳሌ በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር፣ በ127 አጭር ቁጥር የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ገንዘብ መላክ የሚለውን ይመርጣል፤ ቀጥሎ የተቀባዩን ቁጥርና የገንዘቡን ልክ ያስገባል። ይህም አሠራር ኢንተርኔት ለሌለው ተራ ስልክ የተስማማ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ግን ነገሩ ይቀድማል። በስልካችን ውስጥ የአንድን ዘመድ ስም ስንነካ፣ መደወልና መልእክት መጻፍ የሚሉት ሥራዎች ከስሙ ጋር ይቀርባሉ። ነገር ተኮር የሚባለው ይኸኛው ነው።

በዚህ መንገድ ተሠርተው ለገበያ ከቀረቡት ቀደምት ኮምፒዩተሮች አንዱ፣ ዜሮክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ስታር ነው። በመስኮቱ ላይ የሰነድ፣ የአቃፊና የማተሚያ ትንንሽ ሥዕሎች ነበሩ። ሠራተኛው አስቀድሞ ሥዕሉን ይመርጣል፤ ከዚያም አንቀሳቅስ፣ ቅዳ፣ ሰርዝ ከሚሉት ቁልፎች አንዱን ይጫናል። እነዚህ ጥቂት ቁልፎች ለሰነዱም ለአቃፊውም ያገለግሉ ስለ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ነገር የተለየ ትእዛዝ ማጥናት አላስፈለገም።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር አስደነቀኝ። በእንግሊዝኛ ግሡ ቀድሞ ስሙ ሲከተል፣ እኛ ግን «በሩን ክፈት»፣ «ደብዳቤውን ላክ» እንላለን። ሰዋስዋችን ራሱ ነገሩን አስቀድሞ ሥራውን ያስከትላል። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ገጽ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም ብዬ አሰብሁ።

የርቀት ትምህርት በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ሞጁል እየተቀበሉ፣ ማታ ማታ እያነበቡ ተመርቀዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተጀምሮ ፕሮግራም መጻፍን በኢንተርኔት በነጻ ለመማር በር ከፍቷል። እኔም የገጽ ንድፍን የተማርሁት ከልደታ ሳልወጣ ነው። ትምህርቱን ሌሊት በስልክ አወርዳለሁ፤ መልመጃውን በወረቀት ሠርቼ ፎቶግራፉን እልካለሁ፤ እርማቱም ከቀናት በኋላ ይደርሰኛል። የዚህ ትምህርት ችግሩ መምህሩ አጠገብ አለመኖሩ ነው። ነገር ግን ገጽን የሚፈትነው መምህሩ ሳይሆን ተጠቃሚው ነው፤ ተጠቃሚም በየቤታችን ሞልቷል።

ለመጨረሻው መልመጃ የመረጥሁት የዕድር መዝገብን ነው። በልደታ የቆዩ ሠፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ብዙ ጎረቤቶች ርቀው ሄደዋል፤ ዕድራቸውን ግን ያልተዉ አሉ። መዝገቡ አንድ ደብተር፣ ደብተሩም በአንድ ሰው ቤት የተቀመጠ ከሆነ፣ ርቆ የሚኖር አባል በሐዘኑ ቀን «መዋጮህ ጎድሏል» ቢባል ምን ማስረጃ ያቀርባል?

ንድፉ የሚጀምረው ከአራት ጥያቄዎች ነው። አንደኛ፣ በሥራው ውስጥ ያሉት ነገሮች ምን ምን ናቸው? አባል፣ መዋጮ፣ ሐዘንና ዕቃ ናቸው። ሁለተኛ፣ እርስ በርሳቸው እንዴት ይያያዛሉ? አንድ አባል ብዙ መዋጮ ይኖረዋል፤ ለአንድ ሐዘን ድንኳንና ወንበር ይወጣል። ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ላይ ምን ይሠራል? መዋጮ ይከፈላል፤ ዕቃ ይወጣል፣ ይመለሳል። አራተኛ፣ ስለ እያንዳንዱ ምን መታወቅ አለበት? ስለ አባሉ ስሙ፣ ቤተ ሰቡና የከፈለባቸው ወሮች መታወቅ አለባቸው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ገጾች በወረቀት ሥዬ ለእናቴ፣ ለአንዲት ጎረቤታችንና ለዕድራችን ጸሐፊ አሳየሁ። አንደኛው «መዋጮ መዝግብ»፣ «ዕቃ አስወጣ» በሚሉ ትእዛዞች ይጀምራል፤ ሁለተኛው በአባላቱ ስም ይጀምራል። «የእርስዎ ያልተከፈለ ወር ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ እናቴና ጎረቤታችን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚነኩት ጠፋቸው፤ በሁለተኛው ግን ስማቸውን ፈልገው ራሳቸው ደረሱበት። ጸሐፊው ጋሼ ግን «ልጄ፣ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ አንድ ሥራ ለሁሉም ሰው ስለምደጋግም፣ ለእኔ ሥራው ቢቀድም ይሻለኛል» አሉኝ። እውነታቸውን ስለ ሆነ ለሰብሳቢው ብቻ የሚሆን አንድ ገጽ ጨመርሁ። ይህን እርማት ከየትኛውም ሞጁል አላገኘሁትም።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። ገጹ ያልገባው ሰው ስልኩን ከነምሥጢር ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ገንዘቡንም ምሥጢሩንም በሰው እጅ ያኖራል። ገጹ የገባው ግን በገዛ ንብረቱ ላይ ያዝዛል።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ይህን ትምህርት ለመጀመር ውድ ኮምፒዩተር አትጠብቁ። የዕቁብ መዝገብ ወይም የሱቅ የዱቤ ደብተር ውሰዱ፤ አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ ንድፋችሁን በእርሳስ ሥላችሁ ለባለ ደብተሩ አሳዩ። ከዚያም ዝም ብላችሁ ጣቱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ።