የዋይፋይ ፓስወርድ የቤት ቁልፍ ነው

በኔ ከደረሰው ተማሩ።

የቤቱን ዋይፋይ ፓስወርድ ለጎረቤት ሠራተኛ ሰጠሁ። እሷም ለሌሎች አዳረሰችው። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ማዳም ደረሰችበትና ስልኬን ቀማችኝ። ሁለት ሳምንት የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ ቆየሁ።

የማዳም ልጅ ራውተሩን ሲያስተካክል አጠገቡ ቆሜ የተማርኩት ይኸውላችሁ። ራውተር ሁለት ፓስወርድ አለው። አንዱ ዋይፋይ መግቢያ ነው፤ ሌላው የራውተሩን ሴቲንግ መክፈቻ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ «አድሚን» ተብሎ ይመጣል። ካልተቀየረ፣ ዋይፋዩ ውስጥ የገባ ሰው ባለቤቶቹኑ ውጪ ሊያስቀራቸው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ይቀየሩ። መቆለፊያው ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 ይሁን፤ አሮጌው ደብልዩ ኢ ፒ ቶሎ ይሰበራል።

ብዙ ራውተር ለእንግዳ የሚሆን ዋይፋይም አለው፤ ማዳምን እሱን ጠይቁ። ሳታስፈቅዱ ግን ለማንም አትስጡ። እምቢ ማለት ቢያሳፍርም፣ ስልክ ተቀምቶ ከማልቀስ ይሻላል።